ስለ መክደንና ስለ መክፈት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአዳራሹ የተነገረ ንግግር)



በዚህ የበዓል ቀን ከመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች አንዱ ሆኜ በፊታችሁ እናገር ዘንድ ስለ ተፈቀደልኝ ደስታዬ ከፍ ያለ ነው። ከእኔ በፊት የተናገሩት ጓደኞቼ ስለ ትምህርት ጥቅምና ስለ አገር እድገት መልካም ቃል አሰምተዋል። እኔ የመረጥሁት ነገር ግን ከወጥ ቤት መደርደሪያ ብዙ አይርቅም። የምናገረው ስለ ጣሳ፥ ስለ ጠርሙስ፥ ስለ ብልቃጥና ስለ ላስቲክ ነው፤ ይልቁንም በገንዘባችን የገዛነው ዕቃ ከቤታችን ከገባ በኋላ አልከፈት ብሎ ስለሚያደርስብን ድካም ነው። ይህን ርእስ ለመምህሬ በነገርኋቸው ጊዜ ጥቂት ዝም አሉና «እስቲ ጻፈው፤ ፍሬ ካለው እናያለን» አሉኝ። ፍሬ ያለው እንደ ሆነ ዛሬ እናንተ ትፈርዳላችሁ። በንግግሬ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

እንግዲህ ሁላችንም ከምናውቀው እንጀምር። የሻምፑ ወይም የወተት ዱቄት ትንሽ ከረጢት በእጃችን እንይዛለን። በጫፉ ላይ በነጥብ የተሠመረ መስመር አለ፤ በመስመሩም አጠገብ «በዚህ በኩል ቅደድ» የሚል ቃል፥ አብዛኛውን ጊዜ በባዕድ ቋንቋ፥ ተጽፏል። እንደ ታዘዝነው እንጎትታለን፤ ላስቲኩ ይለጠጣል እንጂ አይቀደድም። እጃችን እርጥብ ከሆነ ደግሞ (ሻምፑ የሚከፈተው በእርጥብ እጅ መሆኑን ሠሪው የረሳው ይመስላል) ጭራሹን ይንሸራተታል። ከዚህ በኋላ የሚሆነውን ታውቃላችሁ፤ ከረጢቱ ወደ አፍ ይሄዳል።

ጥርስ በአገራችን የመጀመሪያው መክፈቻ ሆኗል። የለስላሳ መጠጥ ቆርኪ በጥርሱ የሚያነሣ ጎረምሳ በየሰፈሩ አለ፤ ይባስ ብሎም ይመሰገንበታል። የጥርስ የላይኛው ሽፋን በሰውነታችን ውስጥ ካሉት ነገሮች ሁሉ የጠነከረ መሆኑን በባዮሎጂ ትምህርት ተምረናል። ነገር ግን የተሰበረ አጥንት ይጠገናል፥ የተቆረጠ ሥጋም ይድናል፤ የጥርስ ሽፋን ግን አንድ ጊዜ ከተፈነከተ ተመልሶ አይበቅልም። ለአንድ ጠርሙስ መጠጥ ይህን ማስያዝ ከባድ ዋጋ ነው።

ጥርስ የማይችለውን ቢላዋ ይሞክረዋል። የሳልሳ ጣሳ በቢላዋ ጫፍና በዘነዘና ሲከፈት ያላየ በዚህ አዳራሽ የለም ብዬ አምናለሁ። እናቶቻችን የግራ እጃችሁን መዳፍ ብታሳዩን፥ ከጣሳ ጋር የተደረገውን የጦርነት ታሪክ በጠባሳው ላይ እናነበው ነበር። ባለፈው ዓመት ለእጅ ሥራ ክፍላችን መቀስ ተገዝቶ ነበር። መቀሱ በጠንካራ ግልጽ ላስቲክ ውስጥ ዙሪያውን ታሽጎ ስለ ነበረ፥ እርሱን ለማውጣት ከጽሕፈት ቤት ሌላ መቀስ መዋስ አስፈለገን። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች በእንዲህ ያለ ጊዜ ሰውን ለሚይዘው ንዴት ስም አውጥተውለታል፤ «ራፕ ሬጅ» ይሉታል፥ የመጠቅለያ ቁጣ ማለት ነው። ስም የሚወጣለት ነገር ብዙ ሰው ያገኘው ነገር ነውና፥ ችግሩ የእኛ ብቻ አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

አባቶቻችንና እናቶቻችን አጥብቆ መክደንን አያውቁም ነበር የሚል ካለ ተሳስቷል። ጠላ የተጠመቀበት ጋን አፉ በጭቃ ይመረጋል፤ ነፋስም አይገባውም። ማር በማሰሮ፥ እህል በስልቻና በአቁማዳ ይታሰራል። የመንገድ ስንቅ የሚያዝበት አገልግል ደግሞ በቆዳ የተለበጠ ነው፤ ክዳኑ በጠፍር ስለሚታሰር በበቅሎ ጀርባ ላይ ቀኑን ሙሉ ሲናጥ ውሎ ወጡ አይፈስም፤ ማታ ግን ጠፍሩን ፈታ ቢያደርጉት ያለ ቢላዋና ያለ ትግል ይከፈታል። ይህ የሆነው አባቶቻችን ከዛሬ መሐንዲሶች ይልቅ ጥበበኞች ስለ ነበሩ አይመስለኝም። ምክንያቱ ሌላ ነው። ጋኑን የመረገችው ሴት ጋኑን የምትከፍተውም እርስዋ ናት። አገልግሉን ያሰረው እጅ የሚፈታው እጅ ነው፤ ወይም የሚፈታው ባልዋ ወይም ልጅዋ ነው። ክፉኛ ያሰረች እንደ ሆነ በዚያው ቀን ማታ ወቀሳውን ትሰማለች።

በፋብሪካ የታሸገ ዕቃ ግን እንዲህ አይደለም። የሚከድነው አንድ መኪና ነው፤ የሚከፍተው በሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ያለ የማይታወቅ ሰው ነው። እነዚህ ሁለቱ ፊት ለፊት አይተያዩም። እኔ ዛሬ የምናገረው ሁሉ ከዚህ አለመተያየት የመጣ ነው።

የጣሳን ታሪክ ተመልከቱ። ኒኮላ አፔር የተባለ ፈረንሳዊ ጣፋጭ ሠሪ ምግብን በጠርሙስ ከትቶ፥ አፉን በቡሽ ደፍኖ፥ በፈላ ውሃ ቢቀቅለው ለብዙ ጊዜ እንደማይበላሽ አሳየ፤ ስለዚህም ሥራው በ1810 ዓ.ም. ከፈረንሳይ መንግሥት 12,000 ፍራንክ ሽልማት ተቀበለ። በዚያው ዓመት ፒተር ዱራንድ የተባለ ሰው በጠርሙሱ ፈንታ በቆርቆሮ የተለበጠ የብረት ጣሳ መሥራት የሚያስችል የፈጠራ መብት በእንግሊዝ አገር አስመዘገበ። ብዙ ሳይቆይ በሎንዶን ፋብሪካ ቆሞ ለጦር ሠራዊትና ለመርከበኞች የጣሳ ሥጋ ያቀርብ ጀመር። ታላቅ ሥራ ነው፤ በባሕር ላይ ወራት ለሚያሳልፍ ሰው ትኩስ ምግብ እንደ ማግኘት ነበር።

ነገር ግን ጣሳውን በምን ይክፈቱት? የዚያን ጊዜው ጣሳ ብረቱ ወፍራም፥ ክዳኑም በብየዳ የተዘጋ ነበር። ተመጋቢው መሮና መዶሻ ይዞ ዙሪያውን ይፈለፍለው ነበር፤ ወታደሩ ደግሞ በሳንጃ ይወጋው ነበር። በአሜሪካ ኤዝራ ዋርነር የተባለ ሰው ለጣሳ መክፈቻ የፈጠራ መብት ያገኘው በ1858 ዓ.ም. ነው። ልብ አድርጉ፤ ከጣሳው እስከዚህ መክፈቻ 48 ዓመት አለፈ! የተወለደ ልጅ አድጎ፥ አግብቶ፥ የልጅ ልጅ እስኪያይ ድረስ ዓለም ጣሳን በመዶሻ ስትደበድብ ኖረች ማለት ነው። ቂል ስለ ነበሩ አይደለም። ጣሳ ሠሪው የሚጠየቀው «ሥጋው አልተበላሸም ወይ?» ተብሎ እንጂ «እንዴት ከፈታችሁት?» ተብሎ አልነበረምና ነው።

በዚህ ታሪክ አንጻር የቆርኪን ታሪክ ብናስተያየው ልዩነቱ ይታየናል። ቆርኪን የፈጠረው በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ የነበረው ዊሊያም ፔይንተር ነው፤ መብቱን ያስመዘገበው በ1892 ዓ.ም. ነው። ታናናሽ ወንድሞቻችን ቆርኪ ሲጫወቱበት ጥርሱን ቆጥረው ከሆነ 21 ሆኖ ያገኙታል። ይህ ሰው በ1894 ዓ.ም. ደግሞ የቆርኪውን መክፈቻ ራሱ አስመዘገበ። የዋርነር የጣሳ መክፈቻ 48 ዓመት ሲጠብቅ የቆርኪው የጠበቀው 2 ዓመት ብቻ ነው፤ የከደነው ሰው ስለሚከፍተው ሰው አስቦ ነበርና። መክፈቻው እያለ በጥርሳችን የምንከፍት እኛ ነን፤ በዚህ ፔይንተርን መውቀስ አይቻልም።

ሦስተኛ ምሳሌ ልጨምር፤ ይህኛው መክፈትም ቢሆን በጥንቃቄ ካልታሰበ ሌላ ጣጣ እንደሚያመጣ ያሳያል። በ1959 ዓ.ም. በአሜሪካ የኦሃዮ ሰው ኤርማል ፍሬዝ ከቤተ ሰቡ ጋር ሜዳ ላይ ሊዝናና ወጥቶ መክፈቻ ረስቶ ኖሮ፥ የመጠጡን ጣሳ በመኪናው መከላከያ ብረት ላይ እየመታ ከፈተው ይባላል። ከዚህ በኋላ መክፈቻው ከጣሳው ጋር አብሮ የሚኖርበትን ቀለበት አወጣና በ1963 ዓ.ም. መብቱን አገኘ። ደስ የሚል ነገር ነበር፤ ነገር ግን ቀለበቱ ተቦጭቆ ይጣል ስለ ነበረ የባሕር ዳርቻውና የመናፈሻው ሁሉ መሬት በስለታም ቁራጭ ተሞላ፤ በባዶ እግሩ የሚሄድ ልጅ ይቆረጥ ጀመር። በ1975 ዓ.ም. ዳንኤል ከድዚክ የተባለ መሐንዲስ ቀለበቱ ሳይነቀል ወደ ውስጥ ገፍቶ የሚከፍተውን ዓይነት አወጣ። ዛሬ በእጃችን የምንይዘው ጣሳ በአብዛኛው ይኸው ነው።

አሁን ደግሞ ለሠሪዎቹ ልፍረድላቸው፤ የአንድ ወገን ክስ ብቻ ሰምቶ መፍረድ አይገባምና። ዕቃ አጥብቆ የሚታሸገው እኛን ለማናደድ አይደለም። ከባሕር ማዶ የመጣ ዕቃ ከመርከብ ወደ ወደብ፥ ከጅቡቲም በጭነት መኪና ወደ መሐል አገር ሲጓዝ ሙቀትም፥ አቧራም፥ መናወጥም ያገኘዋል። ጀርምና እርጥበት እንዳይገቡበት ላስቲኩ በሙቀት ይጣበቃል። ከዚህም የከበደ ምክንያት አለ። በ1982 ዓ.ም. በአሜሪካ በቺካጎ ከተማና በአካባቢዋ አንድ ያልታወቀ ወንጀለኛ ታይሌኖል በተባለው የሕመም ማስታገሻ ውስጥ ሳያናይድ የተባለውን መርዝ ጨምሮ በየሱቁ መደርደሪያ ላይ አኖረ፤ ሰባት ሰዎች ሞቱ። ከዚያ ወዲህ የብዙ መድኃኒቶች አፍ በስስ ሽፋን እንዲታሸግና ቀድሞ የተነካ እንደ ሆነ ገዢው በዓይኑ እንዲያውቅ ሕግ ወጣ። የመድኃኒቱን ክዳን አንሥተን ከሥሩ ሌላ ሽፋን ስናገኝ በምሬት «ይህ ደግሞ ለምን አስፈለገ?» የምንል ከሆነ፥ መልሱ እነዚያ ሰባት ሰዎች ናቸው።

ነገር ግን ምክንያት የሌለው ጥብቀትም አለ። መቀሱን የያዘው ያ ጠንካራ ግልጽ ላስቲክ የተፈጠረው ገዢው ራሱ ከመደርደሪያ እያነሣ ለሚገዛበት ትልቅ መደብር ነው፤ ትንሹ ዕቃ በትልቅ ላስቲክ ሲታሰር ሌባ በኪሱ ለመክተት ያስቸግረዋል፥ ዕቃውም ከሩቅ ይታያል። በእኛ ሰፈር ሱቅ ግን ባለ ሱቁ ከባንኮኒው ኋላ ቆሞ ዕቃውን በገዛ እጁ ያነሣልናል። በባንኮኒው ላይ ዘሎ መቀስ የሚሰርቅ ሌባ እኔ አላየሁም። አማዞን የተባለው በኢንተርኔት የሚሸጥ ታላቅ የንግድ ድርጅት በ2008 ዓ.ም. በቀላሉ የሚከፈት ማሸጊያ የጀመረው ይህንኑ ተረድቶ ነው፤ በፖስታ ለሚላክ ዕቃ መደርደሪያ የለውም፥ መደርደሪያ ከሌለም የመደርደሪያ ሌባ የለም። የእኛ ሱቅ ግን ለሌላ አገር ሌባ የተሠራውን ጥሩር እስከ ዛሬ እየተሸከመ ይኖራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣሁ። ይኸውም የመድኃኒት ብልቃጥ ክዳን ነው።

ሕፃናት መድኃኒትን ከረሜላ እየመሰላቸው ይውጡ ስለ ነበር በብዙ አገር ይሞቱ ነበር። በካናዳ በዊንዘር ከተማ የሕፃናት ሐኪም የነበሩት ዶክተር አንሪ ብሮ በመርዝ ታመው የሚመጡትን ሕፃናት እያከሙ ኖረው፥ ሕፃኑ ከታመመ በኋላ ከማከም ይልቅ ብልቃጡ እንዳይከፈትለት ማድረግ እንደሚሻል አሰቡ። በ1967 ዓ.ም. ወደ ታች በመዳፍ ተጭነው ካላዞሩት የማይከፈት ክዳን ሥራ ላይ እንዲውል አደረጉ። ሕፃን ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ፥ መጫንንና ማዞርን፥ አጣምሮ ለመሥራት ያዳግተዋል። በአሜሪካም በ1970 ዓ.ም. ይህን የመሰለ ማሸጊያ የሚያዝ ሕግ ወጣ፤ ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ አስፕሪን በዚህ ሕግ ሥር ሆነ። ስንት ሕፃን በዚህ እንደ ዳነ ስናስብ ዶክተሩን ማመስገን ይገባናል።

የክዳኑ ፈተና የሚደረግበት መንገድ እጅግ ያስደንቃል። ዕድሜያቸው ከ42 እስከ 51 ወር የሆነ ሕፃናት ሁለት ሁለት ሆነው ይቀመጡና ብልቃጡ ይሰጣቸዋል። 5 ደቂቃ ይታገሉታል። ያልከፈቱት እንደ ሆነ ፈታኙ አከፋፈቱን በቃል ሳያብራራ ከፍቶ ያሳያቸዋል፤ ከዚያ ሌላ 5 ደቂቃ ይጨመርላቸዋል። በዚህ ጊዜ ከፈለጉ ጥርሳቸውን መጠቀም እንደሚችሉም ይነገራቸዋል! ክዳኑ ፈተናውን አለፈ የሚባለው በመጀመሪያው 5 ደቂቃ ከመቶው 85ቱ፥ እስከ መጨረሻው ደግሞ ከመቶው 80ው ሳይከፍቱ ሲቀሩ ነው። ይህን ባነበብሁ ጊዜ፥ ከፈተና ሁሉ ተማሪው ሲወድቅ መምህሩ ደስ የሚለው ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም አልሁ።

ነገር ግን ሕፃን እንዳይከፍተው የተሠራውን ሽማግሌ ይክፈተው ዘንድ ያስፈልጋል፤ መድኃኒት አብዝቶ የሚወስደው ሽማግሌው ነውና። መጀመሪያ በወጣው ደንብ ለመክፈት የሚፈተኑት ትልልቅ ሰዎች ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 45 የሆነ ነበሩ። ይህ ማለት የ25 ዓመት ጎልማሳ የከፈተውን የ70 ዓመት ባልቴት ትከፍተዋለች ብሎ መቁጠር ነው።

አያቴ በጉልበትዋና በእጅዋ አንጓ ላይ የቁርጥማት ሕመም አለባት። በአሜሪካ የምትኖረው አክስቴ የሕመም ማስታገሻ መድኃኒት በሰው እጅ ትልክላታለች። የብልቃጡ ክዳን ያ እየተጫኑ የሚያዞሩት ዓይነት ነው፤ በክዳኑም ላይ አከፋፈቱ በእንግሊዝኛ ፊደል ተቀርጿል። አያቴ ዳዊት ትደግማለች፥ የእንግሊዝኛ ፊደል ግን አታውቅም። ብታውቅስ? ለጣቷ ሕመም የተላከላትን መድኃኒት ለማግኘት ጤነኛ ጣት ያስፈልጋታል! ቤት ውስጥ ሰው ካለ እንከፍትላታለን፤ ሁላችን ትምህርት ቤትና ሥራ ስንውል ግን ሕመሙ እኛ እስክንመለስ አይጠብቃትም። ስለዚህ በአገርኛ ጥበብዋ መላ መታች፤ አንድ ቀን ክዳኑ በተከፈተ ጊዜ እንክብሉን ሁሉ ገልብጣ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።

ቋጠሮ የሚያውቅ ሰው ሁሉ እንደሚረዳው፥ የነጠላ ጫፍ ለአንዲት የታመመች እጅ የተመቸ ነው። ለሦስት ዓመት ሕፃንም እንዲሁ የተመቸ ነው። ታናሽ ወንድሜ ከአጠገብዋ ተቀምጦ ሲጫወት ቋጠሮውን ፈታው፤ እናቴ ስትገባ ሁለት እንክብል በመዳፉ ይዞ ሊቀምስ ሲል ደረሰችበት። እግዚአብሔር ይመስገን፥ አልዋጠም። አያቴ በዚያን ቀን ምሳ አልበላችም። እናቴም ወቀሰቻት። እኔ ግን ነገሩን ባሰብሁት ቁጥር የተሳሳተችው አያቴ አለመሆንዋ ይታየኛል። ሕፃኑን ለመጠበቅ የተሠራው ክዳን አሮጊቷን ስለ ዘጋባት፥ አሮጊቷ ክዳኑን ጣለችው፤ ክዳኑ በተጣለ ጊዜ ሕፃኑን የሚጠብቅለት ነገር አልቀረም። በእንክብሉ ላይም መጠኑና የሚያበቃበት ቀን የተጻፈበት ብልቃጥ አብሮ ጠፋ።

ይህ በእኛ ቤት ብቻ የሆነ አይደለም። ሕጉ በወጣበት በአሜሪካም ብዙ ሽማግሌዎች ክዳኑን ሳይገጥሙ ይተዉት፥ መድኃኒቱንም ወደ ሌላ ዕቃ ይገለብጡት ነበር። ስለዚህ በ1995 ዓ.ም. ደንቡ ተለወጠ። ፈታኞቹ ጎልማሶቹን አስነሥተው በቦታቸው ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 70 የሆነውን አስቀመጡ፤ ለመጀመሪያ ሙከራ 5 ደቂቃ፥ ለሁለተኛው 1 ደቂቃ ሰጧቸው፤ ከመቶው 90ው ከፍተው መልሰው መግጠም ካልቻሉ ክዳኑ አያልፍም አሉ። የሕፃናቱ ፈተና ግን እንደ ነበረ ጸና። እንግዲህ መሐንዲሶቹ «ለሕፃን የሚከብድ ለሽማግሌም መክበዱ የማይቀር ነው» ማለት አልተፈቀደላቸውም፤ ኀይልን ሳይሆን ብልሃትን የሚጠይቅ ክዳን መፈለግ ግድ ሆነባቸው፥ አገኙም። የተለወጠው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ በፈተናው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው ሰው። በዚያም አገር ሕመምተኛው ቢጠይቅ መድኃኒት ሻጩ ተራ ክዳን ሊገጥምለት ሕጉ ይፈቅዳል። አክስቴ ይህን ከሰማች ወዲህ እየጠየቀች የምትልከው ተራ ክዳን ያለውን ነው፤ እኛም ብልቃጡን ወንድሜ ከማይደርስበት ከፍ ካለ መደርደሪያ እናኖረዋለን፤ አያቴ ግን ትደርስበታለች።

ሠሪዎቹ ይህን ቀድሞ ለምን አያስቡም? ብላችሁ ብትጠይቁኝ፥ እኔ እንደሚመስለኝ ምክንያቱ ገንዘቡ የሚከፈልበት ሰዓት ነው። ጫኙ ዕቃው ቢፈስበት አልጭንም ይላል። ነጋዴው ቢሰረቅበት አልገዛም ይላል። የእነዚህ ድምፅ ከፋብሪካው ይደርሳል። ከፋቹ ግን የሚቸገረው ገንዘቡን ከከፈለ በኋላ፥ በቤቱ፥ ብቻውን ነው። ጣቱን ቆርጦ ፋሻ ጠቅልሎ ነገ እዚያው ሱቅ ይሄዳል እንጂ ለፋብሪካው ደብዳቤ አይጽፍም። እንዲያውም ብዙ ሰው ጥፋቱን በራሱ ላይ ያደርጋል፤ «እኔ አላወቅሁበትም» ይላል። አያቴም ያለችው ይህንኑ ነበር።

በቀላሉ መክፈት ብዙ ወጪ ይጠይቃል የሚል ቢኖር ሁለት ነገር ላሳየው። የመጀመሪያው በከረጢት ጫፍ ላይ የምትደረግ ትንሽ ስንጥቅ ናት። ላስቲክ ስንጎትተው ኀይላችን በሰፊው ስለሚበተን ይለጠጣል፤ ጥፍር የምታህል ስንጥቅ ካለችበት ግን ኀይሉ ሁሉ በስንጥቋ ጫፍ ይሰበሰብና ከዚያ ጀምሮ ይቀደዳል። ጨርቅ ሻጭ ጨርቁን በመቀስ ጥቂት ነክቶ ቀሪውን በእጁ ሲተረትረው አይታችኋል፤ ምሥጢሩ አንድ ነው። ይህች ስንጥቅ ምንም ቁሳቁስ አትጨምርም። ሁለተኛው የዱቄት ጆንያ አፍ ነው። በመኪና የተሰፋው ክር ከትክክለኛው ጫፍ ሲጎትቱት ትርር ብሎ በአንድ ትንፋሽ ያልቃል፤ ከሌላው ጫፍ ሲጎትቱት ግን ይቋጠራል። የመርካቶ ተሸካሚ ይህን ያለ ትምህርት ያውቃል። ለማያውቀው ግን በትክክለኛው ጫፍ በኩል ቀይ ነጥብ ቢደረግ ምን ያህል ቀለም ይፈጃል?

እግረ መንገዴን ስለ ማርማላታ ጠርሙስ ልንገራችሁ፤ እናቶች ይጠቅማችኋልና። ትኩስ ሆኖ የተከደነ ጠርሙስ ሲቀዘቅዝ ውስጡ አየር ያንሰውና የውጭው አየር ክዳኑን ይጫነዋል። የክዳኑ ስፋት ዳር እስከ ዳር 7 ሴንቲ ሜትር ቢሆንና ውስጡ ፍጹም ባዶ ቢሆን፥ በባሕር ጠረፍ የሚጫነው 40 ኪሎ ያህል ነው፤ በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ወደ 30 ኪሎ ይወርዳል። (ስለዚሁ ምክንያት ከጠረፍ የመጣ የድንች ጥብስ ከረጢት እዚህ ሲደርስ እንደ ፊኛ ተነፍቶ እናገኘዋለን።) ስለዚህ ክዳኑን በጉልበት ከመታገል በማንኪያ ዳር ጠርዙን ጥቂት ቀና ማድረግና አየር ማስገባት ይበቃል፤ «ጧ» የሚል ድምፅ ስትሰሙ ሠላሳው ኪሎ ሄደ ማለት ነው።

በአገራችን ዘይት፥ ዱቄት፥ ብስኩት፥ ሳሙናና መድኃኒት የሚያሽጉ ፋብሪካዎች አሉ፤ ከዚህ አዳራሽ ከሚወጡት ተማሪዎችም አንዳንዶቹ ነገ በእነዚያ ፋብሪካዎች መሐንዲስና ኬሚስት ይሆናሉ። የውጭ አገሩ ፋብሪካ አያቴን አያውቃትም፤ ሊያውቃትም አይችልም። የአገራችን ፋብሪካ ግን አጥሩን ተሻግሮ ካለው መንደር አሥር ባልቴቶች ጠርቶ፥ ቡና አፍልቶላቸው፥ ዕቃውን በእጃቸው ቢሰጣቸው፥ በአንድ ከሰዓት በኋላ ብዙ ነገር ይማራል። ጽሑፉንም እነርሱ በሚያነቡት ፊደል ያደርገዋል፤ ለማያነቡትም ሥዕል ይሥልበታል።

የሳይንስ ክበባችን ይህን ነገር በትንሹ ጀምሮታል። ከዚህ ስትወጡ በግራ በኩል በፊዚክስ ክፍል ውስጥ አንድ ጠረጴዛ ተዘጋጅቷል። በላዩ ላይ የተከደኑ ስድስት ዕቃዎች አሉ፤ አንድ የሳልሳ ጣሳ፥ አንድ የማርማላታ ጠርሙስ፥ አንድ የብስኩት ጥቅል፥ አንድ የሻምፑ ከረጢት፥ በግልጽ ላስቲክ የታሸገ የባትሪ ድንጋይ፥ ስድስተኛውም በውስጡ ባቄላ ብቻ ያለበት የመድኃኒት ብልቃጥ ነው። አንድ ተማሪ ሰዓት ይዞ፥ አንዲት ተማሪ ደብተር ይዛ ቆመዋል። ዕድሜያችሁ ከ50 ዓመት በላይ የሆነ አባቶችና እናቶች ሁሉ እንድትሞክሩልን በትሕትና እንለምናለን። ስማችሁን አንጽፍም፤ የምንጽፈው ደቂቃውንና ዕቃውን ብቻ ነው። አልከፈት ያላችሁን «አልተከፈተም» ብለን በዕቃው ስም እንመዘግባለን እንጂ በእናንተ ስም አይደለም። ውጤቱንም ከደብዳቤ ጋር የአገር ውስጥ ለሆኑት ለሁለቱ ዕቃ ሠሪዎች እንልከዋለን። ለእያንዳንዱ ዕቃ 5 ደቂቃ ተሰጥቷል። ቢላዋ በጠረጴዛው ላይ አላኖርንም፤ ጥርስም የተፈቀደው ከ51 ወር በታች ለሆኑት ብቻ ነው።